አራት ጥያቄ

ሸሕዲ የገባሁት ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሲብት ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደግፎ በየማሳው እንደቆመ እየደረቀ ነበር። ከጎንደር የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አይከልን አልፎ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርድ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ጋቢውንና ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። ነጋዴ ባሕር ላይ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነበር፤ የሚገባው ግን ነፋስ ሳይሆን ትኩስ እስትንፋስ ነው። ያኔ ምዕራብ ጎንደር የሚባል ዞን አልነበረም፤ ሰሜን ጎንደር ለሦስት የተከፈለው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2010 ዓ.ም. ነው። ከተማዋም በሁለት ስም ትጠራ ነበር፤ በመንግሥት ደብዳቤ ገንዳ ውኃ፣ በሕዝቡ አፍ ሸሕዲ።

የተቀጠርኩት በአንድ የሰሊጥ መረከቢያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተሩን፣ ሚዛኑንና የሚዛን ወረቀት የምታትመውን ትንሽ ማተሚያ መጠበቅ ነበር። ገበሬው ወይም ባለሀብቱ ሰሊጡን በአይሱዙ ጭኖ ይመጣል፤ ኩንታሉ ይመዘናል፤ ክብደቱ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የባለቤቱን ስምና ኪሎውን በአንዲት ጠባብ ወረቀት ላይ ያሳትማል። ያቺ ወረቀት ገንዘብ ናት። ገበሬው የዓመት ድካሙን አስረክቦ በምትኩ የሚይዘው እሷን ብቻ ነው። ወረቀቷ ባለ ካርቦን ናት፤ ማተሚያዋ በመርፌ እየወጋች ስለምትጽፍ ከላይ የታተመው ከሥሩ ባለው ቅጂ ላይም ያርፋል። ዋናውን ባለሰሊጡ ይወስዳል፤ ቅጂው እኛ ዘንድ ይቀራል።

የሚዛኑ ኃላፊ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የሊቦ ከምከም ሰው ናቸው፤ ቆላውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ከኮምፒውተሩ ጎን ጥግ ጥጉ የተበላ አንድ ደብተር ነበራቸው። ሚዛኑ ባነበበ ቁጥር እሳቸውም በእስክሪፕቶ ይጽፋሉ። እኔ ያንን ደብተር እንደ ድርብ ድካም አየው ነበር። ኮምፒውተር ካለ ደብተር ለምን ያስፈልጋል እያልኩ በልቤ እታዘባቸዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደረሰ። መብራት ሄዶ በጄኔሬተር ነበር የምንሠራው። አንድ ከኮኪት አካባቢ የመጣ አነስተኛ ገበሬ አሥራ አንድ ኩንታሉን አስመዘነ። ተሸካሚዎቹ ሰሊጡን ወስደው ከትልቁ ክምር ላይ ገለበጡት። ኮምፒውተሩ «ታትሟል» አለ። እኔም ቀጣዩን መኪና ጠራሁ። ገበሬው እጁን ዘርግቶ ቆመ። ወረቀቷን ስቤ ሳወጣት ባዶ ነበረች። የማተሚያዋ ክዳን በደንብ አልተገጠመም ኖሯል፤ የተላከላት ጽሑፍ ሁሉ የትም ሳያርፍ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ደግሞ ቀጣዩን መኪና ሲቀበል የፊተኛውን ክብደት በአዲሱ ተክቶታል። ሰሊጡ ከሰው ሰሊጥ ጋር ተቀላቅሏል፤ መልሶ መመዘን አይቻልም። ሰውየው አልጮኸም። «ልጄ፣ እኔ አስረክቤያለሁ» ብቻ አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት።

ያዳነን የጋሼ ደብተር ነው። ገልጠው ቁጥሩን አነበቡ፤ ገበሬውም በቃሉ የያዘው ቁጥር ያው ነበር። ወረቀቱ እንደገና ታተመ። ጋሼ ምንም አልወቀሱኝም፤ ግን ሌሊቱን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ይሄ ኮምፒውተር አትም ከማለቱ በፊት ማተሚያዋን ትችይ እንደሆነ ይጠይቃታል?» አሉ። እኔም አይቶት የማያውቀውን ነገር እንዳሰበ ሰው ዝም አልኩ። አይጠይቃትም ነበር። ላከ፤ ላከ ማለት ታተመ ማለት መሰለው። «ታትሟል» የሚለው ቃል «ልኬያለሁ» ማለት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ የማተሚያዋን መጽሐፍ ከካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። እንደነዚህ ያሉ ማተሚያዎች አብዛኞቹ የሚሰሙት ኤፕሰን ያወጣውን ኢኤስሲ ፖስ የሚባል የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ገጽ በገጽ ስሄድ እንዲህ የሚል ነገር አገኘሁ፤ ኮምፒውተሩ ሦስት ቁጥር ቢልክ፣ ማለትም 16፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ካሉት አንዱን፣ ማተሚያዋ ያለችበትን ሁኔታ በአንድ ቁጥር ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ 1 ከሆነ፣ በጠቅላላው ሥራ ላይ ነሽ ወይ ማለት ነው። 2 ከሆነ፣ ሥራ ካቆምሽ ምን ይዞሽ ነው ማለት ነው፤ ክዳን ነው፣ ወረቀት ነው፣ ወይስ አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ነው? 3 ከሆነ፣ የተበላሸ ነገር አለ ወይ? 4 ከሆነ፣ ወረቀትሽ እንዴት ነው፣ አለ፣ ሊያልቅ ነው፣ ወይስ አልቋል? ለአንዲት ማተሚያ አራት ጥያቄ።

መልሷ ደግሞ ስምንት አምፖል እንዳለው ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ አምፖል የራሱ ዋጋ አለው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ እጥፍ እጥፍ እየሆነ 128 ይደርሳል። የበሩት ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ከስምንቱ ሁለቱ፣ ባለ 2ቱና ባለ 16ቱ፣ ምንጊዜም ይበራሉ። ስለዚህ ማተሚያዋ ምንም ሳይጎድላት የምትመልሰው ቁጥር 18 ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ 22 ካለች፣ ባለ 4ቱ አምፖል በርቷል፤ ክዳኔ ክፍት ነው ማለቷ ነው። 26 ካለች፣ የወረቀት መግፊያ ቁልፌን የያዘ ጣት አለ ማለቷ ነው። 50 ካለች፣ ወረቀት አልቆብኝ ቆሜያለሁ ማለቷ ነው። 82 ካለች፣ ታምሜያለሁ ማለቷ ነው።

ፕሮግራሙ በቪዥዋል ቤዚክ የተጻፈ ስለነበር ከፍቼ ማስተካከል ቻልኩ። ከእያንዳንዱ ኅትመት በፊት አራቱን ጥያቄ እንዲጠይቅ አደረግሁት። በኋላም ወረቀቷ ተጽፎባት ስትጨርስ እንደገና እንዲጠይቅ አደረግሁት፤ መልሱ ደህና ካልሆነ ክብደቱን እንዳይጥል፣ ቀጣዩንም መኪና እንዳይቀበል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ላቤ በክርኔ እየወረደ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 16፣ 4፣ 1 ብዬ ላክሁ። ስክሪኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ክዳኑን በጣቴ ብድግ አደረግሁትና 16፣ 4፣ 2 ብዬ ላክሁ፤ 22 አለች። መልሼ ገጠምኩት፤ 18። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው እያዩ፣ «ስትጠየቅ እውነቱን ትናገራለች ማለት ነው» አሉ።

ሁለት ነገር ግን ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ አልረሳም። አንደኛው፣ እነዚህ ጥያቄዎች ወረፋ አይጠብቁም። ሌላ የሚታተም ጽሑፍ ሁሉ በመጣበት ተራ ይከማቻል፤ ፊተኛው ሳያልቅ ኋለኛው አይነካም። ማተሚያዋ ወረቀት አልቆባት ከቆመች ያ ሁሉ ሰልፍ አብሯት ይቆማል። የሁኔታ ጥያቄ ግን እንደደረሰ ይመለሳል፤ ሰልፉን ዘሎ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆማ ያለችውን ማተሚያ ለምን ቆምሽ ብሎ ለመጠየቅ እስክትንቀሳቀስ ከተጠበቀ፣ ጥያቄው መቼም አይመለስም።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። አንዳንዴ ጠይቆ ምንም መልስ አይመጣም። 22ም 82ም የለም። ያኔ ፕሮግራሙ አንድ ሁለት ሰከንድ ይጠብቅና ዝምታውን ራሱን እንደ መልስ መውሰድ አለበት፤ ገመዱ ወልቋል ወይም መብራት የላትም ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን አልጻፍኩትም ነበርና ኮምፒውተሩ መልስ ሲጠብቅ ደርቆ ቀረ። ዝም ያለ ነገር ደህና እንዳልሆነ መቁጠርን ከዚያ ተማርኩ።

ቁልፎቹስ? ማተሚያዋ ፊት ለፊቷ ላይ ጥቂት ቁልፎች አሏት፤ ወረቀት ወደፊት የሚገፋ፣ ወደኋላ የሚመልስ፣ የሚለቅ። የሾፌር ረዳቶች ስለሚቸኩሉ ወረቀቷ ሳታልቅ ቁልፉን ተጭነው ይስቧታል። ኪሎው በግማሹ ይቆረጣል። መጽሐፉ ቁልፎቹን ከኮምፒውተሩ መቆለፍ እንደሚቻል ይናገራል፤ 27፣ 99፣ 53፣ 1 ብሎ ከላኩ በኋላ ማንም ቢጫን አይሰማም። ቆለፍኳቸው፤ ጥሩም የሠራሁ መሰለኝ። በሦስተኛው ሌሊት እኔ ተኝቼ ሳለ ወረቀት ተቀረቀረ። ጋሼ ቁልፉን ቢጫኑት ቢጫኑት አልሰማቸውም። ማውጣት አቅቷቸው አራት መኪና እስኪነጋ አደረ። ጠዋት ስደርስ፣ «ልጄ፣ አጠገቧ ያለውን ሰው አፍ ዘጋኸው» አሉኝ። ከፈትኳቸው። በመቆለፍ ፈንታ ጥያቄውን አጠነከርኩት፤ 26 የሚል መልስ በመጣ ቁጥር ስክሪኑ «ቁልፉ ተይዟል፤ ጥቂት ይታገሱ» ይላል። ረዳቶቹም ያንን ሲያዩ እጃቸውን ያነሱ ጀመር። ቁልፍ ከማተሚያዋ አጠገብ የቆመው ሰው የሚናገርበት መንገድ ነው። መቆለፍ ቀላል ነው፤ ማን እንደተጫነና ለምን እንደተጫነ መጠየቅ ግን ሁለቱንም ወገን ያሠራል።

ኅዳር ሲገባ ሸሕዲ አጨዳ ጨርሰው ከማሳ በተመለሱ ሳሉግ ተሞላች። ሳሉግ የምንላቸው ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው፤ ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከጎጃም፣ ከወሎም ይመጣሉ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ሲደርቅ ራሱን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሳልና በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ የዓመቱ ልፋት ዋልካ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሰው እጅ ይፈለጋል፤ ብዙ እጅ። እነሱም ማታ ማታ ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ዋልካ ላይ ኩታቸውን አንጥፈው ያድራሉ።

ከመጋዘናችን ተሸካሚዎች አንዱ የበለሳ ልጅ ነበር። ሐምሌ ላይ ለአረም ወርዶ፣ አጨዳውን አሳልፎ፣ ከዚያ እኛ ዘንድ ኩንታል መሸከም ጀመረ። ፊቱ ፈገግታ አይለየውም። በየጠዋቱ ስገባ በር ላይ አገኘዋለሁ።

«እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ይህን ለሳምንታት ተባብለናል። ሰላምታችን ውብ ነው፤ ሰው ሰውን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ምስጋናውም እውነተኛ ምስጋና ነው። ነገር ግን ምስጋናው የሚቀርበው ለፈጣሪ እንጂ ስለ ሰውነቱ ሁኔታ ለእኔ የተሰጠ መልስ አልነበረም። እኔ ግን እንደ መልስ ቆጠርኩት። ቀስ በቀስ ኩንታሉን ሲያነሳ ጉልበቱ እየራደ፣ ሸሚዙ እየሰፋበት ሲሄድ አየሁ። «ደከመህ?» ስለው «ወባ ነገር ነካ አድርጎኝ ነበር፣ ኪኒን ወስጃለሁ» አለኝ። አልፌ ሄድኩ።

ጋሼ ግን አላለፉም። ቅዳሜ ነው፤ የደመወዝ ቀን። ተሸካሚዎቹ ተሰልፈዋል። እሱ ከሰልፉ መጨረሻ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጋሼ ከሚዛኑ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ። ደህና ነህ ወይ አላሉትም።

«ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ሳምንት ሆነ?»

«ሦስት ይሆነዋል።»

«ሱሪህን በምን አሰርከው? ስትመጣ በዚህ ቀዳዳ ነበር የምታስረው?»

ልጁ ቀበቶውን አየ። በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ነበረው።

«ከጎድንህ በታች፣ በግራ በኩል፣ የሚከብድህ ነገር አለ?»

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እጁን በቀስታ ወደ ግራ ጎኑ ወሰደው።

«ክረምቱን የት ነበር የምታድረው?»

«ሜዳ ላይ፣ ግራሩ ሥር።»

ጋሼ ከሰልፉ አውጥተው እጁን ያዙት። «ደመወዙ ሰኞም ይደርሳል። ይሄ ግን አይቆይም» አሉና በባጃጅ ይዘውት ወደ መተማ ሆስፒታል ሄዱ፤ ሆስፒታሉ እዚያው ሸሕዲ ነው። እኔም ተከተልኳቸው። ከጣቱ ጫፍ የደም ጠብታ ወስደው በአንዲት ትንሽ መመርመሪያ ወረቀት ላይ አደረጉት። ጥቂት ቆይቶ ሁለት መስመር ወጣ። ካላዛር ነበር።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች በራሪ ነፍሳት ናት። በዋልካው ስንጥቅ ውስጥና በግራሩ አካባቢ ትውላለች፤ ማታ ትወጣለች። በሽታው ሲገባ ትኩሳቱ ይቆያል፤ ሰውየው ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ሳይታከም ከቀረ በአብዛኛው ይገድላል። ሲጀምር ወባ ስለሚመስል፣ ቆላው ላይ ደግሞ ወባ የሁሉም ሰው ስለሆነ፣ ብዙው ሰው ወባ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጋሼ ያንን አራት ጥያቄ ከየት እንዳመጡት የነገሩኝ ያን ቀን ማታ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው በትኩሳት ይወድቅ ጀመር። ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ፣ ከዚያም ከቀያቸው ወጥተው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት። መጀመሪያ ላይ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ በምርመራ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በዚያ አካባቢ ያልታወቀ በሽታ ነበር። የጋሼ ታናሽ ወንድም ካለፉት አንዱ ነው። «አስታማሚው ሁሉ እየመጣ እንዴት ነህ ይለው ነበር» አሉኝ። «እሱም ተመስገን ይል ነበር። ጎኑን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩትም።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለአንዲት የብረት ማተሚያ አራት የተለያየ ጥያቄ ጽፌ፣ ክዳኗን ከወረቀቷ፣ ወረቀቷን ከቁልፏ ለይቼ እየጠየቅሁ፣ በየቀኑ ለማገኘው ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ያውም መልሱን አስቀድሜ የማውቀውን፣ ስጠይቀው ከረምኩ። «ደህና ነህ?» ማለት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ልክ እንደ 16፣ 4፣ 1። መጠየቅ አለበት። ግን እሱ ላይ የቆመ ሰው ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ወረቀቱ አልቆ ይሁን አያውቅም። ሰው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥያቄ ካልጠየቁት በራሱ አይናገርም፤ ክብሩ፣ ይሉኝታውና የእለት እንጀራው አይፈቅዱለትም። የቀን ሠራተኛ አሞኛል ካለ ነገ የሚጠራው የለም።

ልጁ 17 ቀን መርፌ ተወጋ፤ በቀን ሁለት፣ አንዱ በአንዱ ጎን። የመጀመሪያውን ሳምንት ምግብ አልበላለት አለ። ጋሼ ከሥራ ሲወጡ አጥሚት ይዘው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ተራዬን እሄዳለሁ። ስገባ ደህና ነህ እለውና አላቆምም። ዛሬ ስንት ጊዜ በላህ? ሌሊት አተኮሰህ? መርፌው የተወጋህበት ያብጣል? መጀመሪያ ግራ ገባው። በኋላ እሱ ራሱ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

ከሸሕዲ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም የማውቃቸው ሰዎች እዚያ አሉ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ ከገላባት ወዲህ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሻገረው ሰው ሲበዛ፣ ሳይነጋ ስልክ መታሁ። «ሰላም ነን፣ ተመስገን» አሉኝ። እኔም ቀጠልኩ። ውኃ ትናንት ከየት ቀዳችሁ? ልጆቹ ማታ የት ተኙ? ጤፍ ስንት ገባ? ስልኩ ውስጥ ለአፍታ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ወሬው መጣ። መስመር ሲቋረጥና መልስ ሲጠፋ ደግሞ፣ ዝምታውን እንደ ደህና አልቆጥረውም። እስክሰማ ድረስ በሌላ ሰው በኩል እፈልጋለሁ።

ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ጥቂት አገግሞ፣ ጥር አጋማሽ ላይ ወደ በለሳ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተን መጣ። ፊቱ ሞልቶ ነበር። ጋሼ እጁን ይዘው የኩንታሉ ሚዛን ላይ አቆሙት። ሆስፒታል በገባ ቀን ካርዱ ላይ 42 ኪሎ ተብሎ ነበር የተጻፈው። «አትምለት» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ጠየቀ፤ አራቱም ላይ 18 መጣ። ማተሚያዋ በዚያ በምናውቀው ጩኸቷ እየወጋች ጻፈች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን፣ 50 ኪሎ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ምርት ብቻ ስለነበር «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ሥር «ሰሊጥ» ብሎ አተመ። ጋሼ ወረቀቷን ከነካርቦኗ ጠረጴዛው ላይ አደረጓት። እስክሪፕቷቸውን አውጥተው «ሰሊጥ» የሚለውን ሰረዙና አጠገቡ ጠንክረው ተጭነው ጻፉ።

ዋናውን ልጁ ይዞት ሄደ። ቅጂው እኔ ዘንድ ነው። ካርቦኑ ትንሽ ደብዝዟል፤ የጋሼ የእጅ ጽሑፍ ግን አሁንም ይነበባል፤ «ሰው» ይላል።